ቀርከሃው ያበበ ዓመት

አዲስ የተቆረጠ ቀርከሃ ሽታ ሽው ባለኝ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ቀርከሃ ሰው ያስለቅሳል ወይ አትበሉኝ፣ እኔን ያስለቅሰኛል። በአሶሳ አካባቢ፣ በእኛ መንደር፣ አራስ የምትተኛው ባሏ በአዲስ ቀርከሃ በሠራላት አልጋ ላይ ነበር፤ ሰው ሲሞት ደግሞ በተኛበት አልጋ ተሸክመውት ሄደው፣ አልጋውን ከመቃብሩ ዳር ትተውት ይመለሱ ነበር።

በዚያ ዓመት በበጋው ማብቂያ ኮረብታው ሁሉ አበበ። ቀርከሃ አንዴ አብቦ ፍሬውን ካራገፈ ይደርቃል፤ ይህን ከዚያ በፊት ያዩት አያቴ ብቻ ነበሩና አትደሰቱ ቢሉን ማን ሰምቷቸው! ፍሬውን በቅርጫት እየለቀምን፣ ገንፎ እያገነፋን፣ አልሐምዱሊላህ እያልን እንበላ ነበር። እርጉዟ እናቴ እንኳ ያን ሰሞን ፊቷ ወዝቶ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ፣ ያንኑ ፍሬ በልቶ የተራባው አይጥ መንደሩን ወረረው፤ የዘራነውን ማሽላ ከአፈር እየጫረ በላ፣ ጎተራውንም አራቆተው። አያቴ በነሐሴ ሞቱ። እናቴ ድርሻዋን ወደ እኔ እየገፋች ጠግቤአለሁ ትለኝ ነበር፤ ሁለት ነፍስ ይዛ ከየት ትጠግብ!

አባቴ ደረቁን ኮረብታ ሲያስስ ሰንብቶ፣ ወንዝ ዳር ሳያብብ የቀረ አንድ ቁጥቋጦ አገኘና ቆርጦ አልጋዋን ሠራላት። በመኸር እናቴ ወንድሜን ኢሳን እዚያ ላይ ወለደችው፤ በማግስቱ እዚያው ላይ ሞተች።

ከቀብር ሲመለስ አባቴ አልጋውን በራሱ ተሸክሞ መጣ። ሌላ የሚሠራበት እርጥብ ቀርከሃ አልነበረም፣ መሬቱም ገና ቅዝቃዜውን አልለቀቀም። አጥቦ ፀሐይ ላይ አደረቀውና ሕፃኑን አስተኛበት። ሊጠይቁን የመጡት ሴቶች ይህን አይተው ከደጃፍ ተመለሱ። አክስቴ ብቻ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ በሩ ላይ ቆመች።

«የሞት አልጋ ነው፣ ወንድሜ። ይህንንም ልጅ ትቀብረዋለህ።»

«እናቱ የተኛችበት ነው» አላት አባቴ። «ሌላ ምን ትታለት ሄደች?»

አክስቴ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠችና፣ የራሷን ልጅ ታጠባ ነበርና፣ ጡቷን ሰጠችው።

አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሞት በዚያው አልጋ ወስደነው፣ ያን ጊዜ አልጋውን ከመቃብሩ ዳር ትተነው ተመለስን።

ዛሬ ኮረብታው መልሶ ጥቅጥቅ ብሏል፤ የመንደሩ ልጆች ስለ ያን ዓመት ብነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። የኢሳ ሚስት ልትወልድ ነው፣ ትናንት ለአልጋዋ ቀርከሃ ሊቆርጥ ሲወጣ አብሬው ሄድኩ። ከዚያ ዓመት እሱ ያየው አንድም ነገር የለም። ግን ገጀራውን ከማንሣቱ በፊት አንጋጦ የቀርከሃውን ጫፍ ሲያይ ቆየ፤ አበባ እንደሌለው ሲያረጋግጥ ነው የቆረጠው።