ነጎድጓድ ዝም ያለ ጊዜ

ተጫዋቾቹ ከጀርባው ነጎድጓድ ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን «ኮች» ነው። ሲቆጣ ድምፁ የልምምድ ሜዳውን አጥር ዘሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ማዶ ካለው ልብስ ስፌት ቤት ይገባል። ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ መርፌዋን አቁማ «ዛሬ ደግሞ ማን አጠፋ?» እያለች ትስቅ ነበር አሉ። እኔ የቡድኑ ወጌሻ ስለነበርኩ፣ ቁርጭምጭሚት ሳሽና ጭን ስጠቀልል ያንን ድምፅ እስኪበቃኝ ሰምቼዋለሁ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በተጫዋችነት ዘመኑ ተከላካይ ነበር፤ ከኋላ ሆኖ እየጮኸ ቡድን ያቆመ ሰው ነው። አሰልጣኝ ሲሆንም ሌላ መንገድ አላወቀም። «ለአንድ ቡድን አንድ ጉሮሮ ይበቃዋል» ይል ነበር።

ያ ጉሮሮ ታመመ። መጀመሪያ ጎረነነ፣ ቀጥሎ ተሰነጣጠቀ፤ በመጨረሻ ቀዶ ጥገና ገብቶ ከድምፅ አውታሩ ላይ ትንሽ እባጭ ወጣለት። ሐኪሙ ቁርጡን ነገረው፦ ቁስሉ እስኪጠግግ መናገር የለም፤ ማንሾካሾክም የለም። እምቢ ካለ ድምፁ ላይመለስ ይችላል። ሚስቱ አንገቱን በሻርፕ እየጠቀለለች «እኔ ስንት ዓመት እግዜርን የለመንኩትን ሐኪሙ በአንድ ቀጠሮ ፈጸመው» አለችና፣ ሳቋን ሳትጨርስ እንባዋ መጣ።

ቤት ተቀመጥ ቢባል በጄ አላለም። ልምምዱን ምክትሉ እየመራ፣ እሱ ከሜዳው ጠርዝ ሊቆም ወሰነ።

የመጀመሪያው ጠዋት ጉም ነበር። ከመሃል ሜዳ ወዲያ ያሉት ጎሎች ጠፍተዋል፤ ተጫዋቾቹ ከነጩ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰው ይሰምጣሉ። የኳሱ ድምፅ፣ የጫማው ድምፅ፣ ትንፋሻቸው ይሰማል። ሌላ ምንም የለም። ኮች እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ከትቶ እንደቆመ፣ በህልሙ እንደሚያይ ሰው ዓይኖቹ ይንከራተታሉ። ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና ጆሮውን ነካ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

የገባኝ በኋላ ነው። ሜዳው ውስጥ አንድም ሰው አይጣራም ነበር። ለካ ቡድናችን ዲዳ ኖሯል፤ የእሱ ጩኸት ሸፍኖት እንጂ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳውን ቢሮው መብላት ትቶ ከእኛ ጋር አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። የማይናገር ሰው ብዙ ያያል። በረኛችንና አንበላችን በሁለት የጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጠው ጨው እንኳ በሰው እንደሚቀባበሉ ያየው ያኔ ነው። ሁለቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ከረሙ። ባለፈው ዓመት በመጨረሻው ጨዋታ፣ አንድ ቀላል ኳስ በመሃላቸው ሾልኮ ጎል ሆኖ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ ልምምድ ቀረ። እኔ የምሠራበት ክፍል ውስጥ፣ በረኛው በአንዱ የማሻ አልጋ ላይ፣ አንበሉ በሌላው ላይ ተኝተዋል፤ አንዱ ወደ ግድግዳ፣ አንዱ ወደ መስኮት ዞሯል። ኮች ገባ። በርጩማ ሳበና መሃላቸው ተቀመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መስታወቱ በእንፋሎት ታውሯል፤ ክፍሉ ራሱ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። እኔ የአንበሉን ባት ማሸቴን ቀጠልኩ።

«ኮች፣ ምን አጠፋን?» አለ በረኛው።

ኮች ጣቱን ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለሰ።

አንበሉ ጣራ ጣራ እያየ «ያ ኳስ ያንተ ነበር» አለ።

«የኔ መሆኑ መች ጠፋኝ? 'ውጣ' ብትለኝ እወጣ ነበር እኮ። ምላስህን ማን ቆረጠው?»

«ልልህ አፌን ስከፍት ኮች ጮኸ። ምን እንዳለ እንኳ አልሰማሁም። እሱ ካለ ብዬ ዝም አልኩ።»

በረኛው ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። «እኔም እሱን ነው የሰማሁት» አለ።

የኮች ፊት ሲለወጥ አየሁ። አፉን ከፈተ። ሻርፑን ያዝ አደረገና አፉን መልሶ ዘጋ። ሊናገር የፈለገው ምንም ይሁን ምን፣ እጁን በአንዱ ጉልበት ላይ፣ ከዚያም በሌላው ጉልበት ላይ አሳርፎ ወጣ። እኔም ተከተልኩት፤ ሁለቱ ቀርተው ዝናቡ እስኪያባራ ሲጨቃጨቁ ቆዩ፤ አንዳንዴም ሲስቁ ይሰማኝ ነበር።

ቀጣዩ ጨዋታ ከሜዳችን ውጪ ነበር። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ከክንፍ የተሻገረ ኳስ በሁለቱ መሃል ወረደ። ኮች ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ብድግ ሲል ጩኸቱ ሊያመልጠው ነው ብዬ ደነገጥኩ። በዚያ ሁሉ የሕዝብ ሁካታ ውስጥ ግን የበረኛው «የኔ!» የሚል ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። አንበሉ ጎንበስ አለ፤ በረኛው ኳሱን እንደ ሕፃን አቅፎ ወረደ። ማንም አላጨበጨበም፤ ምን አለውና? ኮች ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያለ ጎል ተለያየን። በዚያ ዓመት ዋንጫ አላነሳንም፤ መውረድ ከሚያሰጋቸው አምልጠን መሃል ላይ ጨረስን።

ሐኪሙ ተናገር ያለው ዕለት መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ጫማውን ማሰር ትቶ ጠበቀው። ኮች ጉሮሮውን ጠረገና «እንደምን አደራችሁ» አለ፤ የወጣው ድምፅ ክር ያህል ቀጭን ነበር። ክንፍ ላይ የሚጫወተው ቀጮ ሳቁ አመለጠው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ኮችም ሆዱን ይዞ አብሮ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ «ያን ኳስ ጮኼ ያስጠፋሁባችሁ እኔ ነኝ» አለ። «እስቲ ዛሬ እናንተ አውሩ፤ በግራ በኩል ለምን እንደምንከፈት ንገሩኝ።»

አንበሉ ተነስቶ ጀመረ። በረኛው አላስጨረሰውም፤ ቀጮም ጣልቃ ገባ። ኮች ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ ራሱን ደገፍ አድርጎ ያዳምጥ ጀመር። ልምምዱ ዘገየ፤ ሰዓቱን ያየ ሰው አልነበረም።