ወፍጮው ሲጮህ የምትነሳው ቮልቮ

በደርግ ጊዜ መካኒሳ አቦ ግቢዬ ውስጥ ቮልቮዬን ድንጋይ ላይ አቁሜ ጎማዎቿን አወለቅኩ። ወድጄ አልነበረም። የጎረቤቴን ፒካፕ ቀበሌው «ለዘመቻ ይፈለጋል» ብሎ ወስዶ፣ በምትኩ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠው። ወረቀት ደግሞ አይነዳም።

እኔ የበርበሬ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ መደበቅ አያቅተኝም። የሞተች አስመሰልኳት። ኮፈኗ ላይ የዛገ ቆርቆሮ ጣልኩ፣ የኋላ ወንበሯን ለዶሮዎች ለቀቅኩ፣ ጎማዎቹን አልጋችን ሥር ከተትኩ።

«ጎማ ላይ ልተኛ ነው ያገባሁህ?» አለች ባለቤቴ።

ከቆርቆሮው ሥር ግን ሥራ ነበር። ፍሪሲዮኗ ተቃጥሏል፤ ካምቢዮዋም ባለ ሦስት ማርሽ፣ ያረጀ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ የፍሪሲዮን ዲስክና ከተጋጨች ቮልቮ የወጣ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ገዛሁ። ካምቢዮውን በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀብሬ አመጣሁት። ኬላ ላይ የፈተሸኝ ጥበቃ ጆንያውን ከፍቶ ሦስቴ አስነጠሰና «ጥፋ ከዚህ!» አለኝ። ጠፋሁ።

መኪና በሚያነሳ አንድ ክሪክ፣ ያንን ሁሉ ብረት ደረቴ ላይ እያሳረፍኩ፣ ለመግጠም ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሞተሩን የምሞክረው አጥሩን ተሻግሮ ያለው ወፍጮ ቤት ሲጮህ ብቻ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ አስነሳለሁ፣ ሲቆም አጠፋለሁ። አራተኛው ማርሽ ቅቤ እንደነካው የገባ ዕለት ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ደንግጠው ወጡ።

በዚያው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከቀትር በፊት፣ ሞተሩን ካጠፋሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሩን ገፍቶ ገባ። ጥበቃ አላስከተለም፣ ሽጉጥ አልታጠቀም። የተጫማው ነጠላ ጫማ ነው።

«አንተ፣ መኪናህ ትነሳለች?»

ሰምቶኛል፣ አልኩ በልቤ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ እኮ ሬሳ ናት። ካላመኑኝ ዶሮዎቹን ይጠይቁ።»

«ልጄ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። አዋላጇ ሆስፒታል ውሰዷት አለች።»

«የቀበሌው መኪናስ?»

«ቤንዚን የለውም።»

እኔ ቤንዚን ነበረኝ፤ በዘይት ጀሪካን፣ ጓዳ ውስጥ። ግን ያ ሰው ስንቱን በለስላሳ አፍ አናግሮ አስወስዷል። ወጥመድ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ባለቤቴ የቤቱ በር ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ጎማ እንኳ የላትም እኮ» አልኩት። ግሪስ የነካ እጄን ወደ ኋላዬ ደብቄያለሁ።

ሳይሰናበተኝ እየሮጠ ወጣ።

ብዙም አልቆየ፣ ልጅቱን በቃሬዛ ተሸክመው በደጃችን አለፉ። ጩኸቷን ስሰማ ወጥመድ እንዳልነበረ ገባኝ። ጎማዎቹን ለመግጠም ሃያ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አሁን ባስነሳት ምን እላለሁ እያልኩ ግቢዬ መሃል ቆምኩ። ሃያው ደቂቃ እንደቆምኩ አለፈ።

አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ ሞተች። ጽንሱም አብሯት።

ልቅሶው ላይ ሊቀመንበሩ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ድምፁ ጠፍቷል።

«አንተማ ምን ታደርግ» አለኝ። «መኪናህ ብትነሳ ኖሮ እንደማትከለክለኝ አውቃለሁ።»

መሬት መሬት አየሁ።

«የእህቴ ልጅ መካኒክ ነው። ሐሙስ እልክልሃለሁ፣ በነፃ ያይልሃል። የኔስ አንዴ ሆነ፤ ለሰው ልጅ ትድረስ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ረቡዕ ጠዋት ወፍጮው ሲጮህ ጠብቄ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ካምቢዮውን አወረድኩ። አዲሱን ዲስክ አውጥቼ የተቃጠለውን መለስኩ። የካምቢዮውን ሆድ ከፍቼ ጥርሶቹን በመዶሻ ሰባብሬ መልሼ ሰቀልኩት። ስምንት ወር የለፋሁበት ነገር ለመፍረስ ከሰዓት በኋላን እንኳ አልጠበቀም።

ሐሙስ መካኒኩ መጣ። ከሥሯ ሲወጣ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን የነካካው ሰው ጠላትዎ ነው» አለኝ።

«ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

እሱን ሸኝቼ ስመለስ ባለቤቴ ጎማዎቹን ከአልጋው ሥር እያንከባለለች ታወጣለች። አውጪ አላልኳትም። አራቱንም ቮልቮዋ ጎን ደረደረቻቸውና ወደ ልቅሶው ቤት ሄደች።