«እየመጣሁ ነው» የሚል አጋር

አባቴ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሊሰቅል ከወጣበት ዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። በጄሶ ታስሮ ቦንጋ እኔ ቤት ሲተኛ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ላፕቶፕ ላይ የምጫወተውን የጦርነት ጌም አብሮኝ ማየት ለመደ። እኔ ቀዩን አገር እገዛለሁ። ሰማያዊው ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው አጋሬ ነው።

ይህ አጋሬ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከተማዬ ሲከበብ «ድረስልኝ» የሚለውን እጫናለሁ፤ ወዲያው «እየመጣሁ ነው!» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ሰዉን ሁሉ አሰልፎ እንጨት ያስቆርጣል። አንድ ቀን ከተማዬ እየነደደ አንድ ፈረሰኛ ብቻ ላከልኝ፤ እሱም ደጄ ላይ ቆሞ እሳቱን ያያል። ላፕቶፑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። አባቴ ግን እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ይሄ ሰውዬ ሰው ነው?» አለኝ።

«ማሽን ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ምን ታደርጊዋለሽ፤ አያፍርም።»

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነበር። አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብረውት ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ ባልንጀራ አሉት። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ከታች ገመድ ይይዛል። ልጅ ሳለሁ የወጣው ሰው ቅጠሉ ውስጥ እስኪጠፋ አንጋጥጬ አይ ነበር፤ ከታች ያለው ትንፋሹን እንኳ ዋጥ ያደርግ ነበር። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። አባቴን ከጫካ ተሸክመው ያወጡት እኚሁ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን አልመጡም፣ አልደወሉም። የጫካው አበባ ሊፈነዳ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በፊት ቀፎው ዛፍ ላይ ካልወጣ ንቡ ሌላ ቤት ይይዛል፤ አባቴም ያን ዓመት ማር አያይም።

«ወዳጅ የሚታወቀው በመከራ ቀን ነው፤ ይኸው ታወቀ» አልኩት አንድ ቀን በንዴት። «ሰማያዊው ይሻላል፤ እሱ እንኳ እመጣለሁ ይላል!»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሱም መስጋት እንደጀመረ ያኔ ገባኝ።

አበባው ከፈነዳ በኋላ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ባልንጀራው መጡ። ጭቃ የጠገበ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው ገቡ። ልናገራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አየሁ፤ መዳፋቸው በገመድ ተልጦ ቆስሏል።

«ቀፎዎችህን ሁሉ ሰቀልኩልህ፤ ንብም ገብቶባቸዋል» አሉት አባቴን፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል።

ያን ሁሉ ዛፍ፣ ከታች ገመድ የሚይዝላቸው ሰው ሳይኖር፣ ብቻቸውን ወጥተውታል። እኔ ሳማቸው እሳቸው እዚያ ላይ ነበሩ።  ወንበር አቀረብኩላቸው።

አባቴ የቆሰለ መዳፋቸውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የአንተስ?» አላቸው።

«የእኔ መሬት ላይ ነው» አሉ። «አበባው ቀደመኝ።»