አረንጓዴ ክር የታሰረበት ስልክ

ዛሬ ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስበር አስተናጋጇ «ስልካችሁን አጥፉ» ስትል፣ የዳንግላ መናኸሪያ የናፍጣ ሽታ ድንገት መጣብኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ፣ እዚያ መናኸሪያ ልሸኛት በሄድሁት በእኔ ፊት፣ የሚልካት ደላላ እጁን ዘረጋ። «ስልክ አውሮፕላን ይጥላል። አምጪው፣ ለእህትሽ አደርስልሻለሁ።» በመሀረብ የጠቀለለችውን ስልክ ሰጠችው። የእናቴ ቁጥር ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲመጣ እንኳ ስልኩም አልደረሰን፣ ድምፅዋንም አልሰማንም።

አንድ የገበያ ቀን ደላላውን ጋሪ ላይ ተቀምጦ በስልክ ሲያወራ አየነው። ጆሮው ላይ የለጠፈው የአክስቴን ስልክ ነው፤ ክዳኑ እንዳይወልቅ ያሰረችበት አረንጓዴ ክር እንኳ አልተፈታም። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ፣ «አውሮፕላን ከጣለ እሱንም ይጥለዋል» አለች። እኔ ስልኩ የሚፈነዳ መስሎኝ ጋሪውን በዓይኔ ተከተልሁት።

እናቴ ከዓረብ አገር የተመለሰች ጎረቤታችንን ሄዳ ስልክ አውሮፕላን ላይ ይያዝ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ በየገበያው ቀን መናኸሪያው በር ላይ፣ ደላላው ፊት ቆማ፣ የሚሄዱትን ልጃገረዶች «ቀዩን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢው፣ ይጠፋል። ለዚህ ሰውዬ እንዳትሰጪው፣ የእህቴን በልቷል» ትላቸው ነበር። ደላላው ዳንግላን ለቅቆ ጎረቤት ከተማ አዘና ገባ። እናቴም ሚኒባስ ተሳፍራ አዘና ሄደች።