ቀላሉ ብረት

ስሙን አልጠየቅኩትም፤ እኔ እንግዳ ሰው ማናገር አፍራለሁ። አሰበ ተፈሪ ገበያ ዳር፣ ብስክሌት ጠጋኙ ታጁዲን ዘንድ አገኘሁት፤ ማለቴ አየሁት። ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ ሱሪውን በከመነዳሪ ቁራጭ ታጥቋል። ከበደሳ ከተማ ጫት የሚያመላልስበት ከባድ አሮጌ ብስክሌቱን አጠገቡ አቁሞታል። ታጁዲን ደግሞ ከድሬዳዋ የመጣ የብስክሌት አካል፣ ጎማም መሪም የሌለው ባዶ ብረት፣ ሊሸጥለት ይለፋል።

«ወላሂ፣ በአንድ ጣት ይነሳል! ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለህ።»

ሰውየው አልቸኮለም። ብረቱን ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደመና ጫቱን የሚያስረክባትን ሴትዮ ጠራት።

«አዴ ሀሊማ፣ እስቲ ከኋላው ቁጭ በይበት።»

«ደግሞ ሚዛን አደረግከኝ?» ብላ እየሳቀች ተቀመጠች። ሀሊማ ሞላ ያለች ናት። እሱ ተንበርክኮ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ። መገጣጠሚያው ሲጥ አለ፤ እኔም ሰማሁት።

«አልገዛም» አለ።

«ለጫት እኮ ይችላል!» ታጁዲን ተናደደ።

«ጫት ቢወድቅ አንስቼ ውሃ እረጭበታለሁ። ሚስቴ ብትወድቅስ? አሰቦት ጠበል የምወስዳት በብስክሌት ነው።»

«ታዲያ ዳገቱ ላይ ወርዳ በእግሯ ትሂዳ!»

«በእግሯ ብትሄድ መች እጭናት ነበር?»

ሀሊማ ሳቋን አቆመች። ታጁዲንም አንገቱን ደፋ። ሰውየው ግን ፊቱ ላይ ምንም ቅሬታ አላየሁበትም፤ እንደውም ፈገግ አለ።

«ይልቅ የአሮጌዬን ፍሬን አጥብቅልኝ» አለው። «ቁልቁለት ላይ ሚስቴ ‹ፍሬኑን ልቀቀው! ልቀቀው!› እያለች ታስቸግረኛለች።»