አዴር ፊልም

ልጅ ሳለሁ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት እወድ ነበር። ያኔ ጅግጅጋ ውስጥ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ደስታዬ ብዙ አያስጠብቀኝም። ጨለማው ሲወርድ የግቢው ልጆች ሁሉ ወደ አዴር ጂብሪል ክፍል ደጃፍ እንሮጣለን። አዴር በሶማሊኛ አጎት፣ ኤዶ ደግሞ አክስት ማለት ነው፤ እሳቸው የአከራያችን የኤዶ ሳፊያ አጎት ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሐርሺን ከብት እየገዙ ድሬዳዋ ድረስ ይነዱ ስለነበር አማርኛቸው የተፍታታ ነው። ዓይኖቻቸው ግን እኛ ያንን ግቢ ስንከራይ በሞራ ተሸፍነው ነበር። ከፊታቸው የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ወተት የገባበት ሻይ፣ ከጎናቸው ደግሞ ኤዶ ሳፊያ ለእኛ ብላ የምታስቀምጠው ፋኖስ ይኖራል። ለእሳቸው ፋኖሱ ምንም አያደርግላቸውም።

ተረት ሲጀምሩ «ሼኮ ሼኮ» ይላሉ። እኛ «ሼኮ ሐሪር» ብለን እንመልሳለን፤ ሐር የመሰለ ተረት እንደማለት ነው። በየመሃሉም ቆም ብለው ይደግሙታል፤ ሰሚው ካልመለሰ ተረቱ አይቀጥልም። ይህ ለአዴር ከወግም በላይ ነበር። ፊታችንን ስለማያዩ ሰው መኖሩን የሚያውቁት በድምፃችን ብቻ ነው። ሌሎቹ ልጆች ይጮሃሉ፣ የእኔ ድምፅ ግን ከጉሮሮዬ አይወጣም። አዴር «ያቺ አይጥ ዛሬም መጥታለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ እኔም ጨለማው ስለሸፈነኝ አመሰግናለሁ።

አንድ ዓመት ኤዶ ሳፊያ ከቶጎ ውጫሌ ቴሌቪዥንና ዲሽ አስመጣች። ከዚያ በኋላ መብራት ባለበት ምሽት ሁሉ የግቢው ሰው የሕንድ ተከታታይ ድራማ ለማየት እሷ ሳሎን ይሰበሰባል። ቋንቋው ለማናችንም አይገባንም። ከሥር የሚያልፈውን የዓረብኛ ጽሑፍ ኤዶ ሳፊያ የቻለችውን ያህል ታነብልናለች፣ የቀረውን በግምት እንሞላዋለን። አዴር ቴሌቪዥኑን «ሳጥን» ይሉት ነበር። «ሳጥን ከማን ጋር ነው የሚያወራው? ብመልስለት አይሰማኝ» ይሉና ብቻቸውን ምድጃቸውን ያራግባሉ።

ብዙ ምሽት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ግን ግድግዳውን በከዘራቸው እየነኩ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ለሳጥኑ ብዬ አይደለም» አሉ። «ውጭ በርዶኝ ነው።»

ትንሽ ቆይተው አጠገባቸው ወደነበረችው ታላቅ እህቴ ወደ ሩት ዞሩ። «አባዮ፣ እህቴ፣ ምን እየሆነ ነው?»

ሩት በግቢው የምትወደድ፣ አፏ ስለት የሆነ ልጅ ነበረች። በዚያ ሰዓት ድራማው ውስጥ ሰርግ ነበር፤ ሙሽራዋ በወርቅ ተሸፍና ትጨፍራለች። ሩት ወደ እኛ ጠቀሰችና፣ «አዴር፣ ሙሽራዋ ሞተች። አማቷ መርዝ አጠጣቻት» አለች።

«ታዲያ ይህ ከበሮ ምንድን ነው?»

«እነሱ አገር ሰው ሲሞት ይጨፈራል።»

«ኢና ሊላሂ» አሉ አዴር፣ አንገታቸውን ደፍተው። እኛ አፋችንን በእጃችን ያዝን። ኤዶ ሳፊያ ሩትን ልትቆጣ አየቻት፣ ከዚያ የእሷም ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ከዚያ ቀን በኋላ አዴር አንድም ምሽት አልቀሩም። ሩት በየምሽቱ አዲስ ነገር ትፈጥርላቸዋለች፤ የሟቿ እህት ሠራተኛ መስላ ልትበቀል ገባች፣ አማቲቱ መንፈስ አየች። ሳጥኑን የናቁት ሰውዬ ድራማው ሳይጀምር እራት አልቀምስ አሉ። ጠዋት ፊታቸውን እየታጠቡ እንኳ «ያቺ አማት እስካሁን አልታሰረችም?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

የአባቴ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እኔ ከጣቃዎቹ ጀርባ ሆኜ መጽሐፍ ሳነብ የአዴርን «ሼኮ ሼኮ» ሰማሁ። ድራማውን እየተረኩላቸው ነበር። የሩትን ውሸት አስውበውት፣ የሙሽራዋን መቃብር፣ የእህቷን ልቅሶ ጨምረውበት፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ «ሼኮ ሐሪር» ይሏቸዋል። እንደዚያን ቀን አሳምረው ሲተርኩ ሰምቼ አላውቅም። መጽሐፌን ዘጋሁ።

«ቆይ፣ አዴር» አለ ቤቱ ዲሽ ያለው አንድ የከብት ደላላ። «ይህቺ ማታ ማታ የምትታየው ሙሽራ ናት?»

«እሷው ናት። አላህ ይማራት።»

«ሙሽራዋንማ ትናንት አይቻታለሁ። እርጉዝ ናት።»

«ሞታለች» አሉ አዴር።

«ዋላሂ፣ ሆዷን ሲያዩት መንታ ነው የያዘችው።»

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። አባቴም መቀሱን አስቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ማን ነው የነገረዎት?» ሲሏቸው አዴር ከዘራቸውን በእጃቸው ዳስሰው ፈለጉ፤ ደላላው በእግሩ ገፋ አድርጎት ስለነበር ለማግኘት ጊዜ ወሰደባቸው።

ጅግጅጋ ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ሰው አይገኝም። አንካሳው አንካሳ፣ አንድ ዓይናው አንድ ዓይና እየተባለ ፊት ለፊት ይጠራል፤ አንዴ የወጣ ስም ደግሞ አይመለስም። ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ የአዴር ስም ወጣ። አዴር ፊልም።

ወደ ሳሎኑ ተመልሰው አልመጡም። ከጥቂት ቀን በኋላ መብራት ጠፋና ከደጃፋቸው «ሼኮ ሼኮ» ሲሉ ሰማን። ሌላ የምናደርገው ስላልነበረን ሄደን ከበብናቸው። ፍሙ ፊታቸውን ከታች ያበራው ነበር።

«ዓይኑን ያጣ አንድ ሽማግሌ ነበር» ብለው ጀመሩ። «አንዲት ልጅ ዓይኗን አዋሰችው። በተዋሰው ዓይን ሲያይ በረሃው ባሕር ሆኖ ታየው። ግመሎቹን ውኃ ሊያጠጣ ነዳቸው።»

ሩት ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። ማንን እንደሚሉ ገብቷታል። ይህኔ መብራቱ መጣ፤ ከሳሎኑ የድራማው ዜማ ተሰማ። መጀመሪያ የተነሳችው ሩት ናት፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ በእግር ጣቷ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። አዴር መሄዳቸውን አላወቁም። ግመሎቹ ተጠምተዋል፣ ትንሿ ግመል ወድቃለች፣ ሽማግሌው ግን ውኃው እየቀረበ ነው ይላል።

«ሼኮ ሼኮ» አሉ ቆም ብለው።

«ሼኮ ሐሪር» አልኩ። ብያለሁ። ከሳሎኑ ግን ከበሮና የልጆቹ ሳቅ ይመጣ ነበር። አዴር ጆሯቸውን ወደ ባዶው ምንጣፍ አዘነበሉ።

«ሼኮ ሼኮ።»

ሁለተኛውን ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፁ ጥርሴ ጋ ቀረ። ጉልበታቸው እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ ነበር።

«ሰው የለም» አሉ ለራሳቸው፣ የተረፈውን ሻይ ፍሙ ላይ ደፉበት። እንፋሎቱና አመዱ ፊቴ ላይ መጣ። ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ያኔ መኖሬ ቢታወቅ ካለመኖሬ የባሰ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ። ድንኳኑን ያየ መንገደኛ «ማን ነው የሞተው?» ሲል በስማቸው ቢነግሩት አላወቃቸውም። «አዴር ፊልም» ሲሉት ነው «አሃ» ብሎ የገባው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያገኘሁትን የተረት መጽሐፍ ሁሉ አገላብጫለሁ። ዓይን የተዋሰው ሽማግሌ አንዱም ውስጥ የለም፤ ለእኛ ብለው የፈጠሩት ነው። ሩት ነገሩን ጨርሶ አታስታውሰውም፣ ስነግራት ደግሞ ያስቃታል። እኔ ድራማ አልወድም እያልኩ አሁን ማታ ማታ በአማርኛ የተተረጎመውን በስልኬ አያለሁ። ተዋናዮቹ ዝም ሲሉ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ስልኩ መልስ አይጠብቅም፣ ይቀጥላል። እነዚያ ግመሎች ግን መጨረሻቸው አልተነገረኝም። እስከ ዛሬ ወደዚያ ባሕር እየሄዱ ነው።