አንዲት ዕንቁላል የምታህል ግፊት

ጂንካ ውስጥ መምህር ኤርጎ ብትል ማንም አያውቅልህም። መምህር አምፖል በል፣ ሕፃን ሳይቀር ቤቱን ያሳይሃል። ለዚህ ስም ያበቃው ጠላት አይደለም፤ ጠላትማ ምን አቅም ኖሮት! ተገኝ ነው። አብሮት የሚያስተምረው፣ ደርግ ቤተ ክርስቲያናቸውን በዘጋበት ዘመን ኤርጎ ጓዳ ተደብቆ አብሮት የጸለየው ተገኝ።

ነገሩ የተጀመረው በ1979 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቱ በእርዳታ ካገኘው ሣጥን አንድ የመስታወት አምፖል ወጣ። ውስጡ አራት ትናንሽ ክንፎች መርፌ ጫፍ ላይ ቆመዋል፤ አንድ ፊታቸው ጥቁር፣ ሌላው የሚያብለጨልጭ። ኤርጎ መስኮት ላይ ቢያስቀምጠው፣ ፀሐይ ስታገኘው መሽከርከር ጀመረ። ነዳጅ የለ፣ ባትሪ የለ። ያን ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ ወደ ጂንካ የሚመጡ የጭነት መኪኖች መንገድ ላይ ወይጦ ተገትረው ነበርና ሰውየው ልቡ በዚህ ተማረከ። ብርሃን የሚገፋ ከሆነ፣ አየር በሌለበት ጠፈር ከሚያብለጨልጭ ወረቀት የተሠራ፣ እንደ መርከብ ያለ ሸራ የዘረጋች መንኮራኩር ያለ ጠብታ ነዳጅ ትሄዳለች ማለት ነው።

ሒሳቡን ሠራ። የጂንካን አውሮፕላን ማረፊያ ከዳር እስከ ዳር በዚያ ወረቀት ብትሸፍነው፣ ፀሐይ የምትገፋው በጠቅላላው አንዲት ዕንቁላል መዳፍህን የምትጫነውን ያህል ነው። ሚስቱ ጥሩዬ፣ ለአንዲት ዕንቁላል ነው እንዲህ የምትደክመው ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን፣ እዚያ የሚያቆማት ነገር ስለሌለ ፍጥነቷ እየተጠራቀመ ከየትኛውም አውሮፕላን ትበልጣለች አላት። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ይህን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፈው። ጽሑፉ አርባ ምንጭ በሚደረገው የሳይንስ ኤግዚቢሽን ካሸነፈ ኮሌጅ ያስገባዋል። አሥራ ሁለት ዓመት የተመኘው ይህንኑ ነበር። ችግሩ አማርኛው ነው። አፉን የፈታው በአገሩ ቋንቋ በአሪኛ ስለሆነ ሲጽፍ ወንዱን ሴት ያደርገዋል። ስለዚህ አማርኛው ማር ለሆነው፣ እጅ ጽሑፉም ለሚያምረው ለተገኝ ደብተሩን ሰጠው፤ አርመህ ገልብጥልኝ ብሎ።

ከመስጠቱ በፊት ግን የገዛ ስህተቱን ደርሶበት መጨረሻው ገጽ ላይ ጽፎ ነበር። ግድግዳ መትቶ የሚነጥር ኳስ፣ ተለጥፎ ከሚቀር ጭቃ እጥፍ ይገፋል። ብርሃንም የሚነጥረው ከሚያብለጨልጨው ፊት ነውና፣ መሸሽ የነበረበት እሱ ነው። አምፖሉ ውስጥ የሚሸሸው ግን ጥቁሩ ነው። እንግዲህ ክንፎቹን የሚያዞረው ውስጥ ከቀረው ጥቂት አየር በጥቁሩ ፊት በኩል የሞቀው ነው። ብርሃን መግፋቱ እውነት ነው፣ አምፖሉ ግን ምስክር አይሆንም ብሎ ዘጋው።

ተገኝ ገለበጠው። ወይ መገልበጥ! የራሱን ስም ጻፈበት። ያቺን የመጨረሻ ገጽ፣ አምፖሉን ከንቱ ስለምታደርግበት ዘለላት። ለኤርጎ ትንፍሽ ሳይል አምፖሉን ይዞ አርባ ምንጭ ሄደ፣ ተጨበጨበለት። ኋላ ከዳኞቹ አንዱ አምፖሉን አየት አደረገና ጥቁሩ ለምን ይሸሻል ብሎ ጠየቀው። የኤርጎ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው ይኼኔ ነው።

«ኤርጎ የሚባል መምህር ነው ያሳሳተኝ» አለ ተገኝ።

ደብዳቤ ተከትሎ መጣ። ኤርጎ የተሳሳተ ሳይንስ ያስተምራል ተብሎ ከፊዚክስ ተነሥቶ እርሻ እንዲያስተምር ተመደበ፤ መምህር አምፖል የሚለው ስምም ያኔ ወጣለት። የኮሌጁ ነገርም በዚያው ቀረ። ዳይሬክተሩ ማስረጃ ካለህ አምጣ ሲለው፣ ደብተሩን ከተገኝ አስጠየቀ። ተገኝም በሰው እጅ ላከለት።

ሲከፍተው የመጨረሻው ቅጠል በምላጭ ተቆርጧል። ደብተር መሀሉን በሽቦ የተያዘ ነውና፣ አንዱ ቅጠል ሲቆረጥ ጥንዱ ይላቀቃል። የመጀመሪያው ቅጠል ጭኑ ላይ ወደቀ። በገዛ እጁ «ለወንድሜ ለተገኝ፣ አማርኛዬን አርምልኝ» ብሎ የጻፈበት ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው እውነት ነው። ለጥሩዬ፣ እርሻ ማስተማሩ አይደለም ያቃጠለኝ፣ አብሮኝ አሜን ማለቱ ነው አላት።

ቅዳሜ ገበያ መሀል ተገናኙ። ተገኝ ምንም እንዳልተፈጠረ ሊጨብጠው እጁን ዘረጋ። ኤርጎ ያቺን ቅጠል መዳፉ ላይ አኖረለትና «ወንድሜ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይቺን ሳታርማት ነው የመለስክልኝ» አለውና መንገዱን ቀጠለ።